ሳርቫክ የቱ ጋ ነው?

«ነጥቡን አድርጊውና እንገላገል!» አለች ሚያሊ።

ኡሊፒካ ቀዩን እስክሪብቶ ከካርታው በላይ ከፍ አድርጋ እንደያዘች ቆማለች። ካርታው አራት ጠረጴዛ ሸፍኗል። ባሕሩ፣ ወደ የብሱ የሚገቡት የባሕሩ ክንዶች፣ ደሴቶቹና ሐይቆቹ በቀጭን መስመር ተሥለው ሁለት መቶ አሥራ አንድ ቀይ ነጥቦች ሰፍረውባቸዋል። ነጥቦቹ ሁሉ ስም አላቸው፤ ስሞቹም ከመንደሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አፍ የወጡ ናቸው። ሁለቱ ጓደኛሞች ሁለት ወር ሙሉ ከቤት ቤት እየዞሩ ነው የሰበሰቧቸው። የቀረው አንድ ብቻ ነበር። ሳርቫክ።

«በባሕሩ በኩል ያለው መተላለፊያ ነው ብለውሻል?»

«አዎ አልኩሽ።»

«ኑታራቅ ራሳቸው?»

«ኧረ ኡሊፒካ! ስንቴ ልንገርሽ? ራሳቸው! በጣታቸው ነው ያሳዩኝ።»

ኡሊፒካ ጎንበስ ብላ ነጥቡን አደረገች። ትንሿ ደሴት የባሕሩን ክንድ ለሁለት ትከፍለዋለች፤ አንዱ መተላለፊያ በየብሱ በኩል ነው፣ ሌላው በባሕሩ በኩል። ነጥቡ ያረፈው በባሕሩ በኩል ባለው ላይ ነው። ከጎኑ በጥንቃቄ ጻፈችበት፦ «ሳርቫክ። ውሃው ከሥር የሚሮጥበት። ግግሩ ስስ ነው፤ በሌላው በኩል እለፉ።» መዝገቡ ላይ ደግሞ «ነጋሪ ኑታራቅ፣ ጠያቂ ሚያሊ» ብላ ሞልታ ፈረመች።

መምህርት ጊላ ከኋላ መጥታ በሁለቱም ትከሻ ላይ እጇን ጣል አደረገች። «ሰኞ ጠዋት ወደ ማተሚያ ቤት እልከዋለሁ። ለሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ የዓሣ ማጥመድ ውድድር ከሦስት መንደር እንግዳ ይመጣል፤ ሁሉም ጂፒኤሱ ላይ የሚጭነው የእናንተን ካርታ ነው። ከዚያ ደግሞ ዋና ከተማው ኢካሉይት ሄዳችሁ ስታቀርቡት አያችኋለሁ።»

«ማን እንደ እኛ!» አለች ኡሊፒካ። ራሷን ለማሞገስ አታፍርም ነበር።

ሚያሊ ሳቀች። ሳቋ ከወትሮው አጠር ያለ ነበር፤ ኡሊፒካ ግን ያን ቀን ልብ አላለችውም።

በማግሥቱ ቅዳሜ ጠዋት ኑታራቅ ከደጅ ሆነው የበረዶ ሞተራቸውን እያስጓሩ ተጣሩ። «እናቴ! ዓሣው አንቺን እየጠበቀ አረጀ!»

ኑታራቅ የኡሊፒካ አያት ታላቅ ወንድም ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ እሷ አሥራ አምስት። ስትወለድ የሟች እናታቸው ስም ስለተሰጣት ከዚያ ቀን ጀምሮ «እናቴ» ነው የሚሏት። እሷም «ልጄ» ትላቸዋለች። በመንደሩ፣ ስም እንዲህ ስለሚያዛምድ ማንም አይስቅም። ኡሊፒካ ደግሞ በእናትነቷ መቆጣት ታውቅበታለች።

«ልጄ፣ ጓንትዎስ?»

«ኪሴ ውስጥ ነው።»

«ኪስዎ እጅ የለውም። ያድርጉት!»

«እሺ እናቴ» አሉና አደረጉ። ከዚያ ከሞተሩ ኋላ በሚጎተተው ተንሸራታች ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ። «ዛሬ የምትነጂው አንቺ ነሽ። እኔ እንደ ንጉሥ ልሂድ።»

ከመንደሩ ወጥተው በረዶ የሆነው ባሕር ላይ እንደገቡ ንፋሱ በረዶውን ከመሬት እያነሳ ኮረብቶቹን እስከ ወገባቸው ሸፈናቸው። ኡሊፒካ አልደነገጠችም። የሰሜን ምዕራቡ ንፋስ ክረምቱን ሙሉ በረዶውን እየገፋ እንደ ምላስ ሹል አድርጎ አጋድሞታል፤ የምላሶቹ ጫፍ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያመለክታል። እነሱን በግራ ጉልበቷ በኩል እያሰለፈች ነዳች። ሽማግሌው ከኋላ ሆነው እንደ ፈተና ይጠይቋታል።

«ያቺ ጉብታ?»

«ንፋስ የማያውቃት!»

«ለምን ተባለች?»

«ከኋላዋ ድንኳን የተከለ ሰው ሸራው ሲንቀሳቀስ አያይም!»

«እነዚያስ ሁለቱ ተራሮች?»

«ያኮረፉት ወንድማማቾች። ከዚህ ሲያዩዋቸው ጀርባ ለጀርባ ናቸው።»

«ፊት ለፊት ሲተያዩ ካየሻቸውስ?»

«መንገድ ስቻለሁ፤ እነሱም ታርቀዋል!»

ኑታራቅ ሳቃቸው ከሞተሩ ድምፅ በላይ ተሰማ። ኡሊፒካ ደረቷ በኩራት ተነፋ። አገሩን እንደ ቤቷ ጓዳ የምታውቀው መሰላት።

ትንሿ ደሴት ብቅ ስትል የካርታው ቀይ ነጥብ በዓይኗ መጣባት። በባሕሩ በኩል አይሆንም። መሪውን በየብሱ በኩል ወዳለው መተላለፊያ አዞረች። ፊት ለፊቷ በረዶው ሜዳ ሆኖ ተንጣሏል፤ አንድም ስንጥቅ፣ አንድም ጥቁር ነገር አይታይበትም።

«ቁሚ!»

ኑታራቅ እንዲህ ሲጮሁ ሰምታቸው አታውቅም። ፍሬኑን ያዘች። ተንሸራታቹ በጎኑ ዞሮ ቆመ።

«ወዴት ነው?» አሉ ወርደው።

«በየብሱ በኩል ነዋ። ሳርቫክን ልሽሽ።»

«ሳርቫክ የቱ ጋ ነው?»

«በባሕሩ በኩል።»

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«እርስዎ! ለሚያሊ በጣትዎ አሳይተዋታል።»

ሽማግሌው ከተንሸራታቹ ላይ ጫፉ ብረት የሆነውን ረጅም እንጨታቸውን መዘዙ። «ዱካዬን ብቻ እየረገጥሽ ነይ» አሉና ወደ መተላለፊያው አመሩ። በየእርምጃው ግግሩን በብረቱ ይመቱታል። ድም። ድም። ድም። ድምፁ የድንጋይ ግድግዳ እንደ መምታት ነበር። ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄደው ድምፁ ተለወጠ፤ ባዶ በርሜል የተመታ መሰለ። ኑታራቅ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው ቆሙ፤ እጃቸውን ዘርግተው አንድ ጊዜ ወጉ። እንደገና ወጉ። በሁለተኛው ብረቱ እስከ እጀታው ሰመጠና በጎኑ ጥቁር ውሃ ሽቅብ ፈላ።

ያ በረዶ ከሌላው በረዶ በምንም አይለይም ነበር። የሚያምር፣ ንጹሕ፣ ነጭ።

«ከሥሩ ያለው ውሃ ክረምት ከበጋ ይሮጣል። እሱ ከታች ይልሰዋል፤ በረዶ ከላይ ይሸፍነዋል» አሉ ኑታራቅ። «በልጅነቴ የአባቴን ሰባት ውሾች እዚህ በላብን። እኔም ከውሾቹ ጋር ገብቼ ነበር። እናቴ በሆዷ ተኝታ፣ የካፖርቴን ቆብ ይዛ ጎትታ አወጣችኝ።» ዘወር ብለው አዩዋት። «አንቺ ማለት ነሽ እንግዲህ።»

ኡሊፒካ ጥቁሩን ውሃ አየችው። ያወጣቻቸው እሷ ከሆነች፣ ዛሬ ልትጨምራቸው የነበረችውም እሷ ናት።

የሳርቫክን ስም እየሰማች ነው ያደገችው። ደሴቷንም ታውቃለች። ግን ሁልጊዜ በዚህ ስታልፍ ተንሸራታቹ ላይ ለንፋሱ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር፤ የትኛው መተላለፊያ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችም። ሥራውን ሲካፈሉ ያ የባሕር ዳር ገጽ ከነአሥራ ዘጠኝ ስሙ የሚያሊ ድርሻ ስለነበረ፣ እሷ ጽፋ ፈረመች እንጂ አላጣራችም። የመንደሩ አዳኞች በዚህ ቦታ አይሳሳቱም። ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ሠላሳ፣ አርባ የእንግዳ ሞተር እዚህ ይደርሳል። ጂፒኤሳቸውን ያያሉ። «ግግሩ ስስ ነው፤ በሌላው በኩል እለፉ» የሚለውን ያነባሉ። በሌላው በኩል ያልፋሉ፤ ልጆቻቸውን ከኋላ ጭነው።

«ልጄ» አለች ድምፅዋ ቀጥኖ፣ «ሚያሊ መቼ ነበር እርስዎ ዘንድ የመጣችው?»

«ሚያሊ? ከሻዩ ቀን ወዲህ ደጄን ረግጣ አታውቅም» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለ። «እንደዚያ ቀን የሳቅኩት ባለቤቴ ሳትሞት ነው። ትመጣለች ብዬ በጠበቅኩ ቁጥር ትቀራለች። ተጣላችሁ እንዴ?»

«አልተጣላንም።» ትንሽ ቆይታ «ገና» አለች።

በባሕሩ በኩል አልፈው ሐይቁ ላይ ደረሱ። ኑታራቅ አምስት ዓሣ አወጡ፤ ኡሊፒካ አንድም አላወጣችም። ስትመለስ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር በቀጥታ ወደ ሚያሊ ቤት ሄደች።

ሚያሊ ደረጃው ላይ በረዶ በአካፋ እየጠረገች ነበር። ኡሊፒካን ስታይ ፈገግ አለች፤ ፊቷን በደንብ ስታየው ፈገግታው ጠፋ።

«ሳርቫክ በየብሱ በኩል ነው» አለች ኡሊፒካ። «ዛሬ ቀጥ ብዬ ልገባበት ነበር። ሽማግሌውን ጭኜ!»

ሚያሊ አካፋውን ለቀቀችው። «ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ለምን ፎገርሽኝ?»

«አልፎገርኩሽም፣ እኔ...»

«በጣታቸው አሳዩኝ አላልሽም? ቤታቸው አልሄድሽም! ከየት አመጣሽው?»

ሚያሊ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «በባሕሩ በኩል ውሃው የሚበዛ መሰለኝ» አለች ቀስ ብላ። «ከሁለቱ አንዱ ነው፤ እሱ ይሆናል ብዬ ገመትኩ።»

«ገመትሽ?! የሰው ሕይወት እኮ ነው! አሥራ ዘጠኙንም ስም ገምተሽ ነው የሞላሽው?»

«አይደለም! አሥራ ሁለቱን ጠይቄያለሁ፤ እንግሊዝኛ የሚችሉትን። ሰባቱን... እነሱን መጠየቅ የነበረብኝ ኑታራቅን ነው፤ እሳቸው ደግሞ እንግሊዝኛ አይችሉም።»

«ታዲያ አትጠይቂያቸውም? እሳቸው አይናከሱም!»

«አንቺ ምን አለብሽ!» ሚያሊ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «አንቺ ከእናትሽ ሆድ ጀምሮ ቋንቋውን ስታወሪው ያደግሽ ነሽ። እኔ አፌን ስከፍት ምን እንደምትሆኚ ረሳሽው? ‹ሻይ ላፍላልዎት› ልል ፈልጌ ‹ሻይ ላድርግዎት› ብል ሰፈር ሙሉ ሙድ ያዛችሁብኝ እኮ! ሰኞ ትምህርት ቤት ስገባ ‹ሻይ አድራጊዋ መጣች› አሉኝ። ማን ነገራቸው? እዚያ ቤት ውስጥ የነበርነው ሦስት ነን!»

ኡሊፒካ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ሚያሊ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቷ ያደገችው ኦታዋ ነው፤ ከእናቷ ጋር ወደ መንደሩ ከተመለሰች ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ያን ቀን ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው ኡሊፒካ ነበረች። ትምህርት ቤት ወስዳ፣ ድምፅ ሁሉ አስመስላ የተረከችውም እሷ ነበረች። ቀልዱ በጣም ሠርቶላት ነበር።

ከዚያ አንድ ቀላል መንገድ ለኡሊፒካ ታያት። ነገ ኑታራቅ ቤት ትሄዳለች። የቀሩትን ስድስት ስሞች በአንድ ሰዓት ትጠይቃቸዋለች። ነጥቦቹን ታዛውራለች። ሰኞ ካርታው ይላካል፤ ማንም ምንም አያውቅም። ኢካሉይትም ይሄዳሉ። ሚያሊም መድረክ ላይ ወጥታ «ሽማግሌዎቻችንን ጠይቀን» ትላለች።

እንዲህ ከሆነ ግን መዝገቡ ላይ «ጠያቂ ሚያሊ» ተብሎ ይቀራል፤ ሚያሊም የእኚያን ሽማግሌ ደጅ ዳግመኛ አትረግጥም።

«ስሚ» አለች። «ነጥቡን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሳላጣራ የፈረምኩትም እኔ። ዛሬ ለመምህርት ጊላ እደውልና ሳርቫክ ስሕተት ነው፣ ካርታው አልደረሰም እላታለሁ። የቀሩትን ስድስቱን ግን እኔ አልናገርም። እሱ ያንቺ ነው።»

«ኢካሉይትስ?»

«እሱን አላውቅም።»

«ልታዋርጂኝ ነው የመጣሽው» አለች ሚያሊ። ገብታ በሩን ወረወረችው። አካፋው ደረጃው ላይ ቀረ። ኡሊፒካ አንስታ የቀረውን በረዶ ጠረገችና አካፋውን በሩ አጠገብ አቁማው ሄደች።

ኡሊፒካ ስልኩ ላይ ተናግራ እስክትጨርስ መምህርት ጊላ አላቋረጠቻትም። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰች። «ሰኞ ካልላክነው ለውድድሩ አይደርስም፤ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«የኢካሉይቱም ቀን ሊያልፍ ይችላል።»

«እሱንም አውቃለሁ። መምህርት፣ ለእንግዶቹ ግን ቅዳሜ ጠዋት ኑታራቅ በመንደሩ ሬዲዮ ይንገሯቸው። ደግሞ ደሴቷ ጋ ሰው እናቁም። እኔ እቆማለሁ፤ ባንዲራ ይዤ።»

«አንቺማ ትቆሚያለሽ» አለች መምህርቷ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ሌላ የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

ኡሊፒካ የስልኩን እጀታ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «እኔ የምነግርሽ የለም» አለች።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከተፈታ በኋላ የእነኡሊፒካ በር ተንኳኳ። ሚያሊ ነበረች። ዓይኗ አብጧል። የባሕር ዳሩን ገጽ ጠቅልላ በብብቷ ይዛለች።

«ለመምህርት ነገርኳት» አለች።

«ምን አለች?»

«አልጮኸችብኝም። ከዚያ ‹የትኞቹ ናቸው?› አለችኝ። አንድ በአንድ ቆጠርኩላት። በቃ።» አፍንጫዋን በጓንቷ ጠረገች። «ኑታራቅ ቤት አብረሽኝ ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ።» ኡሊፒካ ቦት ጫማዋን እየሳበች፣ ዓይኗን ከጫማው ሳታነሳ «ያን ቀን መሳቄ ጥሩ አልነበረም። ማውራቴ ደግሞ የባሰ ነበር» አለች።

«አዎ፣ የባሰ ነበር» አለች ሚያሊ።

ተያይዘው ወጡ። ፀሐይዋ በረዶው ላይ እያብረቀረቀች ዓይን ታሳውራለች።

ኑታራቅ ወለሉ ላይ ካርቶን አንጥፈው፣ የቀዘቀዘ ጥሬ ዓሣ ከነቆዳው አጋድመው እየበሉ ነበር። ሚያሊን ሲያዩ ቢላዋቸውን አስቀምጠው በሁለት እጃቸው «ነይ፣ ነይ» አሏት። «ነይ ብዪ፣ እንግዳዬ! ሦስት ዓሣ አለ፤ እኔና እናቴ ብቻችንን አንችለውም።»

ሚያሊ ተንበርክካ ገጹን ከካርቶኑ አጠገብ ዘረጋችው። ጣቷን ከደሴቷ በላይ ባለ አንድ ጠባብ የባሕር ዳር ላይ አሳረፈችና በገዛ አፏ፣ በኑታራቅ ቋንቋ ጀመረች።

«ይህ ቦታ... ድሮ ሰዎች... እዚህ ሰዎች በክረምት...»

ቆመች። ቃሉ ጠፋባት። ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ቀና ብላ ወደ ኡሊፒካ አየች፤ ዓይኗ እርጂኝ ይላል።

ኡሊፒካ ቃሉን ታውቀዋለች። ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ሚያሊ በተደናቀፈች ቁጥር ቀድማ የምትሞላላት እሷ ነበረች፤ ያም ደስ ይላት ነበር። ኑታራቅን አየቻቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በግግር ቀዳዳ አጠገብ አቆስጣ የተባለውን የባሕር እንስሳ እንደሚጠብቅ አዳኝ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። የሚቸኩሉበት ነገር ያላቸው አይመስሉም።

ኡሊፒካ ቢላዋውን አነሳች። ከዓሣው ሆድ ትልቅ ቁራጭ ቆርጣ አፏ ውስጥ ጨመረችና ጉንጯ እስኪወጠር ሞላችው። አሁን መናገር ብትፈልግ እንኳ አትችልም።

ሚያሊ ለጥቂት ጊዜ አየቻት። ከዚያ ትንፋሽዋን ስባ ወደ ሽማግሌው ዞረችና ጥያቄዋን ከመጀመሪያው ጀመረችው።